አሮጌ ቮልቮ፣ የሐረጎ ዳገትና እምቢተኛው ኦቨርድራይቭ

ይህን የምጽፈው አሮጌ መኪና ይዛችሁ ከጋራዥ ጋራዥ ለምትንከራተቱ ነው። የእኔዋ ቮልቮ 144 ናት። በፈረንጆቹ 1974 የተሠራች፣ ማለትም ይህ ሞዴል ሊቋረጥ ሲል የወጣች። ሞተሯ ቢ20 የሚባለው 1986 ሲሲ ነው፤ አንድ ስትሮምበርግ ካርቡሬተር አለው። ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ባለ አራት ማርሽ ሆኖ ከጀርባው ኦቨርድራይቭ የሚባል ተጨማሪ ማርሽ ተገጥሞበታል። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት መውረድና መውጣት ነው ኑሮዋ። ቮልቮ ባይኖራችሁም ስለ አነሳስ የምለው አብዛኛው ለፔጆም፣ ለፊያትም፣ ለቮልስዋገንም ይሠራል። የኦቨርድራይቩን ክፍል ዝለሉት።

መኪናዋ ሁለት አመል አወጣች። አንደኛው፣ ጠዋት በብርድ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) እህህ እያለ ይዞራል እንጂ አያስነሳም፤ ከሐረጎ ወጥታ ሞቃ ስትቆም ደግሞ በደንብ ይዞራል፣ ግን አሁንም አትነሳም። ሁለተኛው፣ ኦቨርድራይቩ ሲፈልግ ይገባል፣ ሲፈልግ ይተዋል።

ምክር ግን አልጠፋም። ሞተሪኖ ቀይር ያለኝ አለ። ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ይውረድ ያለኝ አለ። አንድ ጎበዝ የሚባል መካኒክ ደግሞ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ወጣና «ልጄ፣ ይሄ ኦቨርድራይቭ የሚሉት ነገር ለእኛ አገር አይሆንም፤ አውልቀን ተራ ካምቢዮ እንግጠምልህ» አለኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ መብራት እንያዝበት» አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ! እኔ የማምነው አንድ ነገር ነው፤ ዕቃ ከመግዛት በፊት ይለካ። አዲስ ዕቃ ገጥሞ ማየት መመርመር አይደለም፣ ቁማር ነው። ያውም ለአንዲት ቁራጭ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው መላክ በሚያስፈልግበት ከተማ።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ትንሽ ነው። ርካሽ ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፣ ሁለት ሽቦ የተበየደበት የፍሬቻ አምፖል፣ ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ)፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ የብረት ብሩሽ። በቃ።

ከጠዋቱ ችግር እንጀምር። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጦሳ ተራራ ሥር ያደረ መኪና ዘይቱ ይወፍራል፣ ባትሪውም ይደክማል፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን ብርዱ ብቻ ከሆነ ጥፋተኛው የጎረቤትም መኪና ላይነሳ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪውን ሌሊቱን ካደረ በኋላ ለኩት። ሙሉ ከሆነ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁና ሞተሪኖው እየዞረ እያለ ለኩት። 10 ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ ባትሪው ደህና ነው። የእኔው ደህና ነበር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ባትሪው ደህና ከሆነማ ሞተሪኖው ነው ብሎ ዘሎ ገበያ የሚሄደው።

አትሂዱ። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ገመዱ ላይ ሳይሆን ራሱ ምሰሶው ላይ፣ ሌላኛውን ደግሞ ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አድርጋችሁ ቁልፉን አዙሩ። ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር፣ ጤነኛ ከሆነ ቴስተሩ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ 0.2 ወይም 0.3 ቢል ምንም አይደል። የእኔው ከአንድ ቮልት በላይ አለ። ይህ ማለት ሞተሪኖው ሊያገኘው ከሚገባው ጉልበት ውስጥ የተወሰነው መንገድ ላይ እየቀረ ነው። የት? ሞተሩ የተቀመጠው ጎማ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሩንና ቦዲውን የሚያገናኝ የማሳ ሽቦ አለ። ያንን ሽቦ ስፈታው ከዳዶው ሥር ያለው ክፍል አረንጓዴ ሆኗል፣ ከሽቦው ጅማቶች ግማሾቹ ተበጥሰዋል። ከላይ ሲያዩት ግን የታሰረ ነው፤ ስትነቀንቁትም አይነቃነቅም።

ወፍራም የባትሪ ገመድ አስቆረጥኩ። ሁለቱን ጫፍ ጥሩ አድርጎ የሚጨምቅ የባትሪ ቤት ሠራልኝ። የሚያርፍበትን ብረት ቀለሙ እስኪለቅ በብሩሽ ፈተግኩት፣ ካሰርኩ በኋላ ግራሶ ቀባሁት። ሞተሪኖው ያው አሮጌው ሞተሪኖ ነው፤ አሁን ይወረወራል። አንድ ምልክት ልጨምር፤ ስታስነሱ የቾክ ገመዱ ከሞቀ ወይም ካጨሰ ማሳው መበላሸቱን እርግጠኛ ሁኑ። ኤሌክትሪኩ በደህናው መንገድ መመለስ ሲያቅተው በቀጭኑ ገመድ በኩል ይመለሳል።

ደሴ ላይ ግን ይህን በሽታ የሚደብቅ ነገር አለ፦ ቁልቁለት። ከተማው ሁሉ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ስለሆነ የአሮጌ መኪና ባለቤት አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ማቆም ልማዱ ነው። ጠዋት ፍሬን መልቀቅ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን መልቀቅ፣ ግጥም! እንዲህ ለዓመታት የሚኖር ሰው አውቃለሁ። ይሁን፣ ግን ከዚሁ ልማድ መረጃ ውሰዱ። መኪናው ተገፍቶ ቶሎ የሚነሳ ከሆነ ቤንዚኑም እሳቱም ባመዛኙ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ከባትሪ እስከ ሞተሪኖ ባለው መስመር ውስጥ ነው። ሞተሪኖው ቮልቴጁን ጎትቶ ሲጥለው ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው ቦቢና የሚደርሰው ትንሽ ይሆናል፣ ካንዴላው ላይም እሳቱ ይደክማል። ሲገፋ ግን ቦቢናው ሙሉውን ያገኛል። ተገፍቶም የማይነሳ ከሆነ ወደ ፑንቲና (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ እየቆራረጠ እሳት የሚያስነሳው ንክኪ) እና ወደ ቤንዚን እለፉ።

ስለ ፑንቲና ብዙ አልልም። ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ፣ የካንዴላው ደግሞ ከ0.7 እስከ 0.8። ፊቱ ተቃጥሎ ጉብታ ካወጣ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ለመንገድ ነው፣ ለኑሮ አይደለም፤ ቀይሩት። ኮንደንሰሩን አብራችሁ ለውጡ፣ ምክንያቱም ፑንቲናውን ቶሎ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ኮንደንሰር ሲበላሽ ቀዝቃዛ እያለ ሠርቶ ሲሞቅ መተውም ይወዳል። እሳቱን ስታዩ ሰማያዊና ጯ የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ገና አልጨረሳችሁም።

አሁን ወደ ሙቁ ችግር። ይህኛው ነው ያደከመኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ሐረጎን ትወጣላችሁ። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ያንን ሁሉ ከፍታ በአጭር ርቀት፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ከፊት ከተሳቢ ጀርባ እየተጎተታችሁ ነው የምትወጡት። ፒያሳ ደርሳችሁ መኪናዋን ታጠፏታላችሁ። ዳቦ ገዝታችሁ ስትመለሱ ትዞራለች፣ አትነሳም። ግማሽ ሰዓት ስትቆይ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች።

ከፍታው እዚህ ውስጥ ሁለት እጅ አለው። አንደኛ፣ ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ እንኳ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ምስር ቶሎ አይበስልም የሚሉት ከዚህ የመጣ ነው። ቤንዚንም እንደዚያው ቶሎ ይፈላል። ሁለተኛ፣ አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚለካው ድብልቅ ቤንዚን ይበዛበታል። ኮምቦልቻ ላይ ደህና የተስተካከለ መኪና ደሴ ላይ ትንሽ ይሰክራል። ሞተሩ ሲጠፋ ንፋሱም ውሃውም መዞራቸውን ያቆማሉ፤ የብረቱ ሙቀት ግን ወደ ላይ ወደ ካርቡሬተሩ ይወጣል። ያኔ የካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላና በጄቱ በኩል ወደ ሞተሩ ይፈስሳል።

ግን ይህ ግምት ነው፣ መረጋገጥ አለበት። ምክንያቱም ተመሳሳዩ ሙቀት ተቃራኒውንም ያደርጋል፤ ፖምፓው ውስጥ ቤንዚኑ ወደ ጋዝ ተለውጦ ጭራሽ ቤንዚን አይደርስም። ልዩነቱን የሚነግራችሁ ካንዴላው ነው። አልነሳ ስትል ወዲያው አንድ ካንዴላ ፍቱ። እርጥብ ከሆነና ቤንዚን ከሸተተ ጠጥታለች። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሳትም። ደረቅ ከሆነ ደግሞ የድሮ ሾፌሮች ዘዴ አለ፤ ጨርቅ በውሃ ነክሮ ፖምፓው ላይ ማልበስ። ጨርቁን አልብሳችሁ ከተነሳች ጥያቄያችሁ ተመለሰ።

የእኔዋ እርጥብ ነበረች። እዚህ ጋ ስትሮምበርግ ወይም ኤስዩ ካርቡሬተር ላላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ካርቡሬተሮች የነዳጅ መርጫ ፖምፕ የላቸውም፤ ስለዚህ ስታስነሱ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ጥቅም የለውም። ሞቃ እምቢ ስትል ፔዳሉን እስከ ታች ድረስ ረግጣችሁ፣ እንደረገጣችሁ ይዛችሁ፣ ቾክ ሳትነኩ አዙሩ። የገባው አየር የተትረፈረፈውን ቤንዚን ያስወጣዋል። ትንሽ ታስላለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ትነሳለች።

ይህ ግን ማስታገሻ ነው። መድኃኒቱን ያገኘሁት ካርቡሬተሩን ፈትቼ ስመለከት ነው። በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ መካከል ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ጥቁር መለያ መኖር ነበረበት። የለም። ከእኔ በፊት የሠራው ሰው በስስ ካርቶን ጋርኒሲዮን ብቻ አስሮታል። ከሥር የሚሸፍነው ቆርቆሮም የለም። መለያውን አስፈልጌ አስመጣሁ፣ ቆርቆሮውን እዚሁ ቆርቆሮ ቤት አስቀረጽኩ። በዚያው ተንሳፋፊውንና መርፌውን አጸዳሁ፣ ድብልቁንም ደሴ ላይ እያለች አሳሳሁት። ካርቡሬተር የምትጠቀሙበት ከፍታ ላይ ነው መስተካከል ያለበት፤ ኮምቦልቻ ለሚውል ሰው ደሴ ላይ አስተካክሎ መውረድ ድብልቁን ከልክ በላይ ሊያሳሳበት ስለሚችል ካንዴላውን እያዩ መካከሉን መያዝ ነው። የስትሮምበርጉን አናት ፈታችሁ ውስጡ ዘይት መኖሩንም እዩ፤ ደርቆ ከሆነ ቤንዚን ስትሰጧት ትደናቀፋለች። አሁንም ቢሆን ዳገት ጨርሼ ስደርስ ወዲያው አላጠፋትም፤ ትንሽ በሚኒሞ ትተንፍስ እላለሁ።

ወደ ኦቨርድራይቩ። ለማያውቁት፣ ይህ ዕቃ ከካምቢዮው ጀርባ ተገጥሞ በአራተኛ ማርሽ ላይ ብቻ የሚሠራ ተጨማሪ ማርሽ ነው። የሠሩት እንግሊዞች ናቸው፣ ሌይኮክ የሚባለው ኩባንያ። ሲገባ የሞተሩን ዙር በ20 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል፤ 3000 የነበረው ወደ 2400 ይወርዳል ማለት ነው። ከሀርቡ ወደ ከሚሴ ጨፋ ሜዳ ላይ ስትነዱ ልዩነቱ በጆሮ ይታወቃል፣ ቤንዚኑም ላይ ይታያል። አውልቀን እንጣለው ያለኝን ሰው ያልሰማሁት ለዚህ ነው።

አሠራሩ ግማሹ ኤሌክትሪክ፣ ግማሹ ዘይት ነው። መሪው አጠገብ ያለውን ማብሪያ ስትነኩ ኤሌክትሪክ በፊውዝ፣ በማብሪያው፣ ካምቢዮው ላይ ባለች ትንሽ ስዊች በኩል አልፎ ሶሌኖይድ ወደሚባለው፣ በኤሌክትሪክ ወደሚሠራው የዘይት ቫልቭ ይደርሳል። ያቺ ስዊች የምታሳልፈው አራተኛ ማርሽ ላይ ብቻ ነው። ሶሌኖይዱ የዘይት መንገድ ይከፍታል፤ ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ የሚንቀሳቀስ ፖምፓ የጫነው ዘይት ኮን ክላቹን (ሾጣጣውን መያዣ) ይገፋዋል፣ ማርሹ ይገባል። ስለዚህ ጥያቄው መጀመሪያ አንድ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ነው ወይስ ዘይቱ?

ይህን ለመለየት መንዳት እንኳ አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ አራተኛ ማርሽ አስገቡና ማብሪያውን ክፈቱ ዝጉ። አንድ ሰው ከሥር ጆሮውን ይስጥ። ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማ ሶሌኖይዱ ይሠራል፣ ወደ ዘይት እለፉ። ካልሰማ ኤሌክትሪክ ነው። ዳሽቦርድ ላይ ያለችው መብራት መብራቷን አትመኑ፤ እሷ የምትናገረው ስለ ኤሌክትሪኩ ነው፣ ማርሹ መግባቱን አታውቅም።

የእኔው ቀዝቃዛ እያለ ቀጭ ይላል፣ ሲሞቅ ዝም። አንድ ኤሌትሪሺያን በቴስተር ለክቶ «12 ቮልት አለ፣ ሶሌኖይዱ ሞቷል» አለኝ። አልተዋጠልኝም። ቴስተር ምንም ጉልበት አይወስድም፤ በአንድ የጸጉር ያህል ሽቦ በኩልም ቢሆን 12 ያሳያል። ስለዚህ የሶሌኖይዱን ሽቦ ነቅዬ በምትኩ የፍሬቻ አምፖሉን አሰርኩ። መቅላት ብቻ፣ ብርሃን የለውም! የደከመው ኤሌክትሪኩ እንጂ ሶሌኖይዱ አይደለም። ከዚያ አምፖሉን ይዤ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ካምቢዮው ላይ ካለችው ስዊች በፊት ደማቅ ነው፣ ከእሷ በኋላም ደማቅ ነው፣ ከሥር ያለው ማገናኛ ጋ ሲደርስ ይደክማል። ማገናኛው በዘይትና በጭቃ ተለብዷል፣ ውስጡ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ካምቢዮው ሲግል ያቺው ቀሪ ንክኪም ትለቃለች። ቆርጬ አዲስ አደረግኩት፣ ሽቦውንም ከሚግለው ብረት አርቄ አሰርኩት። ሶሌኖይዱ እስከ ዛሬ ያው ነው።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። አንዳንዱ ኤሌትሪሺያን ያችን የካምቢዮ ስዊች ችግር መስላ ስትታየው ዳይሬክት ያደርጋታል። አትፍቀዱለት። ስዊቿ ያለችው ኦቨርድራይቭ ገብቶ እያለ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይሄድ ነው። ወደ ፊት ብቻ የሚያሽከረክር ክላች ውስጡ አለ፤ ኦቨርድራይቭ ገብቶ ሪቨርስ ከሄዳችሁ እሱ ይሰበራል። ያኔ እውነትም አውልቆ መጣል ይመጣል።

ኤሌክትሪኩ ከተስተካከለ በኋላ ቀጭ ይላል፣ ይገባል፣ ግን ጨፋ ላይ በደንብ ሲሞቅ ይንሸራተት ጀመር። ዙሩ ከፍ ይላል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም። ይህ የዘይት ነው። ካምቢዮውና ኦቨርድራይቩ የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው፤ ቮልቮ ለዚህ የሚያዘው ደግሞ የሞተር ዘይት ነው፣ 30 ቁጥር ወይም 20/40። እኛ ጋ ካምቢዮ ሲባል እጅ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ዘጠና ቁጥር ነው። የዘጠናው ዘይት ለዲፈረንሻል ተብሎ የሚጨመርበት ማለስለሻ ኮን ክላቹን ያንሸራትተዋል፤ ውፍረቱም ለትንሿ ፖምፓ ይከብዳታል። ስፈታው ያው ዘጠናው ወረደ፣ ሽታው ይታወቃል።

ዘይቱን ትኩስ እያለ አወረድኩ። ከኦቨርድራይቩ ሥር ያለውን ክዳን ፈትቼ ፊልትሮውን በቤንዚን አጠብኩ፤ የብረት ጸጉርና ጥቁር ዝቃጭ ይዞ ነበር። ሲሞላ ደግሞ ተጠንቀቁ። ኦቨርድራይቭ የሌለው ካምቢዮ 0.75 ሊትር ይበቃዋል፣ ያለው ግን ወደ 1.6 ሊትር ይፈልጋል። ሞልታችሁ ጥቂት ነድታችሁ፣ ኦቨርድራይቩን አስገብታችሁ አውጥታችሁ፣ እንደገና ልኩን እዩ፤ ውስጡ ስለሚሞላ ከላይ ይጎድላል። ያንን ያላየ ሰው ሞላሁ ብሎ ግማሽ ባዶ ይነዳል።

ሐረጎ ለአንድ ሌላ ምርመራም ይመቻል። ኦቨርድራይቩ ወጥቶ፣ አራተኛ ማርሽ ላይ፣ ለስለስ ያለ ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከቤንዚን አንሡ። ሞተሩ መኪናዋን መያዝ አለበት። ዙሩ ወደ ሚኒሞ ወርዶ መኪናዋ እንዲሁ የምትንሸራተት ከሆነ ኮን ክላቹ በወዲያኛው ፊቱ አልያዘም፤ ሪቨርስም ስትሄዱ ይታወቃል። ይህ ተፈትቶ የሚሠራ ነው፣ በሽቦና በዘይት አይድንም። ለማንኛውም ዋናውን ቁልቁለት በኦቨርድራይቭ አትውረዱ። አውጡት፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ውረዱ።

የመጨረሻው፣ ገብቶ አልወጣ ካለስ? ይህ ካለመግባት ይብሳል። ማብሪያውን ዘግታችሁ ዙሩ ከፍ ካላለ በምንም ምክንያት ወደ ኋላ እንዳትሄዱ፤ ሰው አስገፍታችሁም ቢሆን አትመልሷት። ጠርዝ ላይ አቁሙ፣ የሶሌኖይዱን ሽቦ ንቀሉ። ነቅላችሁ ከለቀቀ ማብሪያው ወይም ሽቦው ነው። ካልለቀቀ ኮኑ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ከሥር ገብታችሁ በኦቨርድራይቩ ወገብ ላይ ያለውን የፍሬን ቀለበት በእንጨት ወይም በመዳብ መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። በብረት መዶሻ አይሆንም፤ ቀለበቱ ይሰነጠቃል።